2,147,483,647 ለ19 አይካፈልም፦ «የጥምቀቱ ቁጥር» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ «የጥምቀቱ ቁጥር» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ፒያሳ ቡና ላይ የተቀመጠው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው። ተማሪዎቼም «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ማለት ጀምረዋል። ሒሳብ እያስተማሩ ዝም ማለት ስለማያምር ይህን ጻፍኩ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የሚያነሡት ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ይህ ቁጥር ለ19 ስለሚካፈል ከባሕረ ሐሳብ ጋር የተሳሰረ ነው ይላሉ። ከብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የመጨረሻው ነው ይላሉ። በግእዝ አኃዝ አይጻፍም፣ ስለዚህ የባዕድ ነው ይላሉ። አኃዞቹ ሲደመሩ የጎንደርን 44 ታቦት ያሳያሉ ይላሉ። የኮምፒውተር መሐንዲሶች ምሥጢሩን አውቀው መረጡት ይላሉ። መጨረሻ ላይ ትልቁን ያመጣሉ፦ በ2030 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት፣ ልክ ፀሐይ ስትወጣ፣ በዚህ ቁጥር ምክንያት የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል።

ጸሐፊው በዕድሜ እንደሚበልጡኝ ከአማርኛቸው ያስታውቃል። በአክብሮት ነው የምመልስላቸው። ግን ሒሳብ ላይ ይሉኝታ የለም።

ከ19 እንጀምር። «ቁጥሩን ለ19 ብናካፍለው 113,025,455 ይደርሳል፣ ምንም አይተርፍም» ብለዋል። ይህን ለመፈተሽ ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልግም። 113,025,455 የሚያልቀው በ5 ነው። 19 የሚያልቀው በ9 ነው። አምስት ጊዜ ዘጠኝ አርባ አምስት። ስለዚህ ሁለቱ ሲባዙ መጨረሻው 5 መሆን አለበት። የኛው ቁጥር ግን በ7 ያልቃል። በቃ፣ አለቀ። ሙሉውን ማየት ለሚፈልግ፣ ብዜቱ 2,147,483,645 ነው፤ 2 ይተርፋል። የስልካቸው ካልኩሌተር ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦባቸው ሳይሆን አይቀርም።

ባሕረ ሐሳብን ማንሣታቸው ግን ደስ ብሎኛል። እዚያ ውስጥ 19 በእርግጥ ትልቅ ቦታ አለው። ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ነው። ማዕከላዊ ቀመር 76። ዐቢይ ቀመር 532፣ ማለትም 19 ጊዜ 28። እስኪ እሳቸው በጠሩት በ2030 ዓ.ም. እንሥራው። 5500 ስንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 7530 ይሆናል። ለ4 ስናካፍለው 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ስናካፍለው 6 ይተርፋል። አንድ አትት (ቀንስ)፣ ወንበር 5። አምስትን በ11 ስናባዛ 55፣ ሠላሳውን ስንገድፍ አበቅቴ 25። አምስትን በ19 ስናባዛ 95፣ ዘጠናውን ስንገድፍ መጥቅዕ 5። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30፤ ሒሳቡ ልክ ነው። የቆሎ ተማሪ በቃሉ የሚያወጣው ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን የሚያስፈልገው ለሚዘዋወሩት ነው፦ ለነነዌ፣ ለዐቢይ ጾም፣ ለትንሣኤ። ጥምቀት አይዘዋወርም። በየዓመቱ ጥር 11 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለ19 ቢካፈል እንኳ ከጥምቀት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ነጥባቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ይጣላል። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው። ታዲያ ለ19 ከተካፈለ እንዴት ብቸኛ ይሆናል? ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። 2,147,483,647 በእርግጥም ብቸኛ ቁጥር ነው። «የመጨረሻው» የሚለው ግን ስሕተት ነው።

ብቸኛ መሆኑ እንዴት ታወቀ? ጸሐፊው ያላዩት የቁጥሩ ውበት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቁጥሩ የሚገኘው 2ን 31 ጊዜ እርስ በርሱ አባዝተን 1 ስንቀንስ ነው። ብቸኛ መሆኑን በ1772 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌኦንሃርድ ኦይለር ነው። የሚኖረው ሴንት ፒተርስበርግ ነበር። በዚያን ጊዜ ዓይኑ አያይም ማለት ይቻላል። (በዚያው ዓመት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ወደ ግብፅ እያዘገመ ነበር። የጎንደር ሰው ዘመኑን በዚህ ይለካው።)

አንድ ቁጥር አካፋይ ካለው፣ ቢያንስ አንዱ አካፋይ ከዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ከሚሰጠው) አይበልጥም። የኛው ቁጥር ዳግም ዘር 46,340 ከምናምን ነው። ስለዚህ ከዚያ በታች ያሉትን ጎዶሎ ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር ይቻላል። ግን ከ23 ሺህ በላይ ናቸው። በላባ ብዕርና በወረቀት ማን ይችለዋል? ኦይለር ግን ሁሉንም መሞከር አላስፈለገውም።

እንዲህ አሰበ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል። 2ን እያባዛን ለዚያ አካፋይ ብናካፍለው፣ ትራፊው በየ31 ርምጃው ወደ 1 ይመለሳል። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ዑደቱ ከዚያ ሊያጥር አይችልም። ከፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ከፌርማ የተወረሰው ሕግ ደግሞ የዑደቱ ርዝመት ከአካፋዩ በ1 ያነሰውን ቁጥር ያለ ትራፊ ማካፈል አለበት ይላል። ስለዚህ ከአካፋዩ 1 ስንቀንስ ለ31 መካፈል አለበት። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ ለ62 መካፈል አለበት። ሌላ አንድ ሕግ ሲጨመር፣ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው 1 ወይም 7 ብቻ ነው። ሁለቱን ስናጣምር፣ ተጠርጣሪዎቹ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይሆናሉ።

ከ23 ሺህ ወደ ስንት ወረደ? ወደ 373! ከነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ። 63 ለ7 ይካፈላል፣ ይውጣ። 249 ለ3 ይካፈላል፣ ይውጣ። መጀመሪያ በትክክል የሚሞከረው 311 ነው። ቁጥራችንን ለ311 ስናካፍል 6,905,092 ደርሶ 35 ይተርፋል። አላካፈለም። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሲሄድ የሚያካፍል ጠፋ። ብቸኛ ነው።

አሁን ወደ 19 ተመለሱ። 19 ከ63 ያንሳል። ስለዚህ የመሞከር ዕድል እንኳ የለውም። በዚህ መንገድ ከሄድን ማካፈሉም አያስፈልገንም ነበር።

«የመጨረሻው» የሚለውን በተመለከተ፣ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ኤውክሊድ ያረጋገጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። የታወቁትን ሁሉ አባዝታችሁ 1 ጨምሩ። ያን ውጤት የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ከታወቁት ውስጥ ሊሆን አይችልም፤ ሁሌም 1 ይተርፋልና። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አኃዝ አለው። የኛው 10 አኃዝ ብቻ ነው ያለው። እርግጥ «ከዚህ በላይ አይኬድም» በማለት ጸሐፊው የመጀመሪያው አይደሉም። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 እ.ኤ.አ. ከዚህ ቁጥር የሚሠራውን ፍጹም ቁጥር፣ ማለትም 2,305,843,008,139,952,128ን፣ ከእንግዲህ የሚበልጠው አይገኝም ብሎ ነበር። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን ስለሚሰጡ ነው። ባርሎው ነገሩ ስለማይጠቅም ማንም አይደክምበትም ብሎ ነው የደመደመው። በ1883 እ.ኤ.አ. ግን ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ ሰው 2 ለ61 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት ብቸኛ እንደሚሆን አረጋገጠ። የሚበልጠው ፍጹም ቁጥርም ተገኘ። ፔርቩሺን ማን ነበር? የገጠር ቄስ፣ የሩሲያ ኦርቶዶክስ! ጸሐፊው ቁጥርና ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ማየት ከወደዱ እሱን ያንብቡ። የሠራው ግን አስልቶ ነው።

«ሰንሰለት» የሚሉትም አለ። ከ5 ይነሣሉ። 2ን 5 ጊዜ አባዝቶ 1 መቀነስ 31 ይሰጣል። 2ን 31 ጊዜ አባዝቶ 1 መቀነስ የኛውን ይሰጣል። ሦስቱም ብቸኛ ናቸው። እስከዚህ እውነት ነው፣ ያምራልም። «እንዲህ እያለ ለዘላለም ይቀጥላል» ሲሉ ግን ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ቀጣዩ ከ646 ሚሊዮን በላይ አኃዝ ያለው ጉድ ነው። ጽፎ የሚጨርሰው የለም። ግን ለ295,257,526,626,031 እንደሚካፈል ይታወቃል። ከዚህ አካፋይ 1 ቀንሱና ለኛው ቁጥር አካፍሉት። ድፍን 137,490 ይመጣል። ያው ቅድም ያየነው የኦይለር ሕግ ነው፣ እዚህም ይሠራል። ለመሆኑ በዚህ መንገድ የሚሠራ ቁጥር ሁሉ ብቸኛ ነው ያለው ማነው? 2ን 11 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ቀንሱ፤ 2047 ነው፣ 23 ጊዜ 89።

የግእዙን በፍጥነት ልለፈው። ይጻፋል። ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯። ቁጥሩን ከቀኝ ሁለት ሁለት አድርጎ መክፈልና ፻ እና ፼ን እያፈራረቁ ማስገባት ነው። እንዲያውም ከዓረቡ አኃዝ ይልቅ ለጆሮ ይቀርባል።

የአኃዙ ድምር ላይ ግን ሳቅ አልቻልኩም። 2፣ 1፣ 4፣ 7፣ 4፣ 8፣ 3፣ 6፣ 4፣ 7 ሲደመሩ 46 ይሆናሉ። እውነት ነው። ጸሐፊው ከ46 ላይ 2 ይቀንሱና «44፣ የጎንደር ታቦታት!» ይላሉ። ሁለቱ ለምን ተቀነሰ? «የመጀመሪያው አኃዝ ስለሆነ»። ኧረ ጌታዬ! 43 ቢወጣ 1 ይጨምሩ ነበር ማለት ነው። መቀነስና መጨመር ከተፈቀደ እኔም ከቤቴ ቁጥር 44 አወጣለሁ። ቀጥለውም 4 እና 6 ተደምረው 10፣ 1 እና 0 ተደምረው 1 ይሆናሉ፤ ይህም የአምላክን አንድነት ያሳያል ይላሉ። የአምላክ አንድነት የስልክ ስሌት ምስክርነት አይሻም። የሒሳቡ ትርጉም ደግሞ ቁጥሩ ለ9 ሲካፈል 1 ይተርፋል ማለት ብቻ ነው። ከዘጠኝ ቁጥር አንዱ እንዲህ ነው። 10፣ 19፣ 28፣ 37 ሁሉም «አንድ» ይሰጣሉ።

መሐንዲሶቹ ብቸኛ ስለሆነ መረጡት የሚለውስ? ማንም አልመረጠውም። ኮምፒውተር ቁጥርን በ0 እና በ1 ይጽፋል። ብዙ ማሽኖች ለአንድ ቁጥር 32 ቦታ፣ ማለትም 32 ቢት፣ ይሰጡ ነበር። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይውላል። የቀሩት 31 ቦታዎች ሁሉ በ1 ሲሞሉ የኛው ቁጥር ይመጣል። ብቸኛ መሆኑ አጋጣሚ ነው። ማስረጃው፣ በ16 ቢት ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው፤ ለ7 ይካፈላል። በ64 ቢት ትልቁ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ እሱም ለ7 ይካፈላል። ኮምፒውተሮቹ ግን ምንም አልሆኑም። ብቸኛነቱ በእርግጥ የጠቀመበት ቦታ ሌላ ነው፦ የዕጣ ቁጥር በሚያወጡ ፕሮግራሞች ውስጥ። አንድ ቁጥር ይዞ በ16,807 ማባዛት፣ ለ2,147,483,647 ማካፈል፣ ትራፊውን መያዝ፣ እንደገና ማባዛት። ቁጥሩ ብቸኛ ስለሆነና 16,807ም በጥንቃቄ ስለተመረጠ፣ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉት ሁሉ አንድም ሳይደገም ተራ በተራ ይወጣሉ። ጸሐፊው ምሥጢር ከፈለጉ ይህን ቢያነሡ ኖሮ ባጨበጨብኩላቸው።

አሁን ወደ ጥምቀቱ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ ግማሹም የሚገርም ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው። መነሻው ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከዚያ 2,147,483,647 ሰከንድ ብትቆጥሩ 24,855 ቀን ከ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ይህም 68 ዓመት ከ18 ቀን አልፎ ማክሰኞ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ ያደርሰናል። በኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.። ጎንደር ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። አዎ፣ ጥምቀት ነው። ታቦታቱ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር አድረዋል፣ ካህናቱም ሕዝቡም እዚያው ነው።

ግን «ልክ ፀሐይ ስትወጣ» አይደለም። በጥር ጎንደር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ወደ 1 ሰዓት ገደማ ነው። በ12 ከ14 ገና ጨለም ያለ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ሌሊቱን ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞ ያቺ ቅጽበት ለዋሽንግተኑ ሐበሻ ጥር 10 ማታ፣ ከተራ ናት። ምሥጢሩ የጥምቀት ከሆነ ለነሱ ለምን ከተራ ላይ ሆነ?

ጥር 11 ላይ እንዲወድቅ ያደረገው መነሻው የፈረንጅ አዲስ ዓመት መሆኑ ነው። ከጃንዋሪ 1 በ18 ቀን ብትርቁ ጃንዋሪ 19 ነው። ይህን አቆጣጠር ያመጡት የዩኒክስ (የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት) ሰዎች መጀመሪያ ሲቆጥሩ የነበረው ከ1970 ሳይሆን ከ1971 ነበር፤ ያውም በሰከንድ ስድሳኛ። በኋላ ነው ለአመቺነት የቀየሩት። እስኪ ከ1971 በሰከንድ ቆጥረው ቢሆን እንበል። መጨረሻው ጃንዋሪ 19 ቀን 2039 ይሆናል። እሱም ጥምቀት ነው! ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ ምን ይሉ እንደነበር እገምታለሁ። ታዲያ ከ1972 ቢጀምሩስ? ጃንዋሪ 19 ቀን 2040 ይመጣል። ያ ዓመት ግን በኛ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከሱ በፊት ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ቁጥሩ ከተራ ላይ ወደቀ። ትንቢት ቢሆን ኖሮ መሐንዲስ መነሻ ዓመት ስለቀየረ በአንድ ቀን አይስትም ነበር።

«የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል» የሚለው የመጨረሻው ነጥባቸው ነው። የሚሆነው ይህ ነው። በ32 ቢት የሚቆጥር መሣሪያ፣ የመኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ 9 ሞልቶ ወደ ዜሮ እንደሚመለሰው፣ ሞልቶ ይገለበጣል። የሚገለበጠው ግን ወደ ዜሮ ሳይሆን ወደ ትልቁ ነጌቲቭ ቁጥር ነው። ያን ጊዜ ቀኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ብሎ ያርፈዋል። አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው ማለት ነው። ይህ ችግር እውነተኛ ነው፣ መናቅም የለበትም። ለሃያ ዓመት ብድር የመክፈያ ቀን የሚያወጣ አሮጌ ፕሮግራም 2030ን ሳይጠብቅ ገና ድሮ ይሳሳታል። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ ወደ 64 ቢት ማለፍ። ያ ቆጣሪ እስኪሞላ 292 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት በ32 ቢት ማሽን ላይም በሰፊው ቆጣሪ እንዲሠራ የሚያስችለው ዝግጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ገብቶለታል። ኪሳችሁ ውስጥ ያሉት አዳዲስ ስልኮች አብዛኞቹ 64 ቢት ናቸው።

የሚያሳስበው ማንም የማያድሰው ዕቃ ነው። ሱቅ ጥግ አቧራ የለበሰው የካሜራ መቅጃ። የሠራተኛ አሻራ የሚወስደው ማሽን። ከዓመታት በፊት የተገዛ ርካሽ ራውተር። አራዳ ገበያም አዘዞም እንዲህ ያለ ዕቃ ሞልቷል። መሞከር ቀላል ነው። የካሜራ መቅጃውን ቀን ወደ ጃንዋሪ 20 ቀን 2038 ቀይሩት፣ አጥፉና አብሩት። ቀኑን ከያዘ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ 1901 ወይም ወደ 1970 ከሸሸ ወይም አልቀበልም ካለ፣ ስትቀይሩት የሚገዛው ምን መሆን እንዳለበት ታውቃላችሁ። ሙከራውን ግን የቆዩ ቅጂዎች ካስፈለጓችሁ አስቀድማችሁ ገልብጣችሁ አድርጉት፤ አንዳንዱ መቅጃ ቀኑ ሲዘል አሮጌውን ያጠፋል። በስልካችሁ ከሞከራችሁ ደግሞ ቀኑን መመለስ አትርሱ። አለዚያ የባንክ መተግበሪያው አልከፍትም ይላል፣ እናንተም ጥፋቱን ቁጥሩ ላይ ታላክካላችሁ።